«ሰው አለሽ?»

አገር ቤት አንዲት ጥያቄ ነበረች። ፋይሉ ጠፋ ሲባል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ሲባል፣ «ነገ ተመለስ» ሲባል፣ ጎረቤቱም ባልንጀራውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቃት። «እዚያ መሥሪያ ቤት ሰው አለህ?» ሰው ያለው ጉዳዩን በአንድ ስኒ ሻይ ይጨርሳል። ሰው የሌለው ደጅ ይጠናል፤ የኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር እስኪለምደው ድረስ ይመላለሳል። እኛም ይህንን ስንረግም ኖርን። «በዘመድ ነው የገባው»፣ «አጎቱ ናቸው ያስቀጠሩት» እያልን ያላማነው ባለሥልጣን የለም። ሐሜታችን አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነበረች። ቅናትም አልጠፋባት።

ከዚያ ባሕር ተሻገርን። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሉት አሌክሳንድሪያ፣ ያቺው ጥያቄ ሱፍ ለብሳ፣ ከረባት አስራ ተቀበለችን። ስሟንም ቀይራለች፤ «ኔትወርኪንግ» ትባላለች። አገር ቤት ስንጸየፋት የነበርን ሰዎች እዚህ ልጆቻችንን አሠልጣኝ ቀጥረን እናስጠናታለን። እጅ ሲጨብጡ ጠበቅ ማድረግ፣ ዓይን ዓይን ማየት፣ ብልህ ጥያቄ መጠየቅ፣ በማግስቱ የምስጋና ኢሜይል መጻፍ። ቆይ እንጂ፣ እንዴት ነው ነገሩ? አጎት ሲያስገባ ሙስና፣ የአባት የኮሌጅ ጓደኛ ሲያስገባ ክህሎት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። አሜሪካ ውስጥ ስም ያላቸው የግል ኮሌጆች ተማሪ የሚመርጡት በፈተና ውጤት ብቻ አይደለም። ድርሰት አለ፣ የመምህር ምስክርነት አለ፣ «ከትምህርት ውጭ ምን ሠራህ?» አለ፤ ብዙዎቹ ዘንድ ደግሞ የኮሌጁ የቀድሞ ምሩቅ የሚያደርገው ቃለ መጠይቅ አለ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ የማይሞላ አንድ ነገር አለ፤ እራት። አንድ ምሩቅ ቤቱን ይከፍታል፣ ከኮሌጁ የወጡ አራት አምስት ሰዎች ይጠራል፣ ለማመልከት የሚያስቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ይጋበዛሉ። ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ ይበላል፣ ይጠይቃል፣ ይጠየቃል። ማንም «ይሄ ፈተና ነው» አይልም። ሁሉም ግን ያውቃል።

ለእኛ ለማትሪክ ትውልድ ይህ ነገር ባዕድ ነው። እኛ ውጤት መጣ፣ ነጥብ ተደመረ፣ ወይ ግቢ ገባን ወይ ቀረን። ክረምቱን ምን ስትሠራ ከረምክ ብሎ የጠየቀን የለም። አባትህ የት ተማሩ ያለን የለም። ማትሪክ ጨካኝ ነበር፤ ፊት አይቶ ግን አያዳላም ነበር። ብዙ ወላጅ እዚህም ከመጣ በኋላ ልጁን «ዝም ብለህ አጥና፣ ማርክህ ይናገራል» የሚለው ለዚህ ነው። ማርክ መናገሩን ይናገራል። ነገር ግን ሃርቫርድ አንዱ ብቻውን በዓመት ከ40,000 በላይ ማመልከቻ ይቀበላል፤ አብዛኛውም ጥሩ ማርክ ያለው ነው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የማን ማርክ ይሰማ?

ሌላው ጣጣ እራቱ ራሱ ነው። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ የልጅ ድርሻ የታወቀ ነው። ማንቆርቆሪያ ይዞ እጅ ያስታጥባል፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቆሞ ይጠብቃል፣ «እደግ፣ ተመንደግ» ይባላል፣ ከዚያ ወደ ጓዳ። ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ የገባ ልጅ ስድ ነው። ትልቅ ሰው ላይ ዓይኑን ያፈጠጠ ልጅ ደፋር ነው። ስለ ራሱ ጎበዝነት ያወራ ልጅማ አበቃለት። እንግዲህ በዚህ ወግ ያደገች የ17 ዓመት ልጅ፣ ከማታውቃቸው ትልልቅ ሰዎች መካከል ተቀምጣ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ስትባል ምን ታድርግ? አኔት ላሮ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ በአሜሪካውያን ቤት ሳይቀር አሳይተዋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የመካከለኛው መደብ ወላጅ ልጁ ሐኪሙንም አስተማሪውንም እንዲጠይቅና እንዲከራከር ከሕፃንነቱ ያለማምደዋል። የሠራተኛው ልጅ ግን ባለሥልጣን ፊት ዝም ማለትን ተምሮ ያድጋል። እጅ ማስታጠብ ያስተማረን ወግ አያሳፍረኝም፤ እንዲያውም እኮራበታለሁ። የሚያናድደኝ አክብሮታችን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ «ይህቺ ልጅ ንቃት ይጎድላታል» ተብሎ መተርጎሙ ነው።

ከእነዚህ እራቶች በአንዱ ተገኝቼ ነበር። የኮሌጁ ምሩቅ ሆኜ አይደለም፤ ጋባዡ የአገሬ ልጅ ሐኪም ነው፣ «ና እስቲ አንተም እየው» ብሎኝ ነው። የኮሌጁንም የሰዎቹንም ስም ልተወው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነበር። የነቢያት ጾም ስላልገባ ጠረጴዛው ላይ ዶሮውም ላዛኛውም ተደርድሯል።

የተጋበዙት ተማሪዎች አምስት ናቸው። ሦስቱ የምሩቃን ልጆች፣ አራተኛው የሐኪሙ ሚስት የእህት ልጅ። አራቱም ቤታቸው ያሉ ያህል ዘና ብለዋል። አንደኛው ፈረንጅ ልጅ ገና ሲገባ ጋባዡን በስሙ ጠርቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አምስተኛዋ የፓርኪንግ ሠራተኛ ልጅ ነች። አባቷ ሐኪሙ በሚሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት መኪና ያቆማል። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ሲቀባበሉ «እንደምን አደርክ ወንድሜ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ዶክተር» ሲባባሉ ኖረዋል። በስድስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ሐኪሙ «ልጆች አሉህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

አባትየው መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር አሉ። «ልጄ ለማኝ አይደለችም» ብሎ። ይህንን ኩራት አውቀዋለሁ፤ ብዙዎቻችን ቤት አለ። ሰው የማያውቀውን መጠየቅ ግን ልመና አይደለም፤ ይህንን ለአባቶች መናገር ካስፈለገ ደጋግሜ እናገራለሁ።

ልጅቷ መጣች። ለሁሉም ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ሰላምታ ሰጠች። ሐኪሙን «ጋሼ» አለችው። ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ትልልቆቹ እስኪጀምሩ ድረስም ሳህኗን አልነካችም። አጠገቧ አንዲት ፈረንጅ ጠበቃ ነበረች፤ ደግ ሴት ነች። ወሬ ለማስጀመር ያህል «መቼም በኩዌስትብሪጅ አመልክተሻል አይደል?» አለቻት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ልጅቷ።

ኩዌስትብሪጅ የቤተሰባቸው ገቢ ዝቅተኛ የሆነ ጎበዝ ተማሪዎችን ከታወቁ ኮሌጆች ጋር የሚያገናኝ ድርጅት ነው። ተመርጣ ከኮሌጅ ጋር የተገናኘች ልጅ የአራት ዓመት ወጪዋ በሙሉ ይሸፈንላታል። ማመልከቻው የሚዘጋው በሴፕቴምበር ማብቂያ ገደማ ነው። እኛ እራት የምንበላው ኖቬምበር ላይ ነው። ጠበቃዋ ይህንን ስታስረዳ ድምፅዋ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። እየተናገረች ሳለ ቀኑ ማለፉ ትዝ አላት። ልጅቷ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ሹካዋን አንስታ መብላት ጀመረች።

ውጤቷን ኋላ ሰማሁት። ከአራቱ ከአንዳቸውም አያንስም።

እናላችሁ፣ የእራቱ ምሥጢር ይኸው ነው። ሰው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሹመት የሚታደል ይመስለዋል። የሚታደለው ወሬ ነው። የትኛው ማመልከቻ መቼ ይዘጋል፣ የትኛውን ስኮላርሺፕ ሰው አያውቀውም፣ ድርሰቱ ላይ ምን ማለት ሞኝነት ነው፣ የገንዘብ እርዳታው ካነሰ በማን በኩል ይግባኝ ይባላል። አራቱ ልጆች ይህንን ሁሉ ቤታቸው ቁርስ ላይ ሲሰሙት ነው ያደጉት። እራቱ ለእነርሱ ድግግሞሽ ነው። ሳትሰማው የመጣችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እርሷም የሰማችው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

«የትምህርት ቤቷ አማካሪ የት ሄዶ?» ትሉ ይሆናል። የአማካሪዎቹ ማኅበር ለ250 ተማሪ አንድ አማካሪ ይመደብ ይላል። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን አንዱ አማካሪ በአማካይ ከ350 በላይ ተማሪ ይደርሰዋል። ያ ሰው የሚያስታርቅ፣ የሚያስመዘግብ፣ የሚያለቅስ ልጅ የሚያባብልም ነው። ለአንዲት ልጅ በዓመት ስንት ደቂቃ እንደሚተርፋት እናንተው አስሉት።

«እራት መብላት ምን ክፋት አለው?» የሚሉኝም አሉ። ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገራቸው። እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሃርቫርድ የመግቢያ ፈተናውን ያለፈው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገባበት ቦታ ነበር። ታዲያ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች፣ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ የሱቅ በደረቴው ልጅ፣ ፈተናውን ማለፍ ጀመሩ። በ1922 ከአዲስ ገቢዎቹ ከአምስቱ አንዱ አይሁዳዊ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ አቦት ሎረንስ ሎውል ደነገጡ። ኮታ ይደረግ አሉ። በግልጽ ኮታ ማለቱ ቢያሳፍር ጊዜ ሌላ ነገር ቀስ ብሎ ገባ። ማመልከቻው የእናትን የቤተሰብ ስም፣ የአባትን የትውልድ አገር፣ የቤተሰቡ ስም ተቀይሮ እንደሆነም መጠየቅ ጀመረ። በ1926 ደግሞ «ባሕርይ» የሚባል መመዘኛ ከማርክ ጎን ቁጭ አለ። ዬልና ፕሪንስተንም በየመንገዳቸው እዚያው ደረሱ። ባሕርይ በፈተና አይለካም፤ ሰው ነው አይቶ የሚፈርደው። ስለዚህ ፎቶግራፍ መጣ፣ ቃለ መጠይቅ መጣ፣ «ይህ ልጅ ከእኛ ዓይነት ሰው ጋር ይሄዳል ወይ?» ለሚለው የሚመሰክር ምሩቅ መጣ። ጀሮም ካራቤል የተባለ ምሁር የሦስቱን ዩኒቨርሲቲዎች መዛግብት አገላብጦ በ2005 ባሳተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ይህንን ሁሉ ዘርዝሮታል።

ያ ሐኪም ወዳጄ ይህንን አስቦ ነው የጋበዘው አልልም፤ ደግ ሰው ነው። ነገር ግን ወንበሮቹን የደረደረበት ወለል የተነጠፈው ያኔ ነው። ያኔም በወለሉ ላይ እንዳይቆሙ የተፈለጉት የሱቅ በደረቴ ልጆች ነበሩ።

የምሩቅ ልጅ መሆን ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማወቅ ደግሞ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሃርቫርድ ፍርድ ቤት በቆመ ጊዜ ቁጥሩ አደባባይ ወጣ። በ2014 እና በ2019 መካከል ለሚመረቁት ክፍሎች ካመለከቱት፣ ከምሩቃን ልጆች ከመቶ 33 ያህሉ ሲገቡ፣ ከሌላው አመልካች የገባው ከመቶ 6 ገደማ ነው። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2023 ያወጡት ጥናት ይባስ አለ። የፈተና ውጤታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ልጆች፣ ከላይኛው 1 ከመቶ ሀብታም ቤት የመጣው ከመካከለኛ ገቢ ቤት ከመጣው ይልቅ እነዚህ ታላላቅ ኮሌጆች ውስጥ የመማር ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ነው። እኩል ማርክ ይዘው! ያው «ይናገራል» ያልነውን ማርክ።

በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአመልካችን ዘር ቆጥሮ መቀበል ቀረ ብሎ ፈረደ። የአባትን ዲግሪ ቆጥሮ መቀበልን ግን አልነካውም። ይህ ጉድ ለሕግ አውጪዎቹም ሳይታያቸው አልቀረም። በ2024 ቨርጂኒያ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ከለከለች፤ ሁለቱም ምክር ቤቶቿ በሙሉ ድምፅ ነው ያጸደቁት። በዚያው ዓመት ሜሪላንድ ከለከለች። ካሊፎርኒያም የግሎቹን ጨምራ ከለከለች። ስታንፎርድ ታዲያ በ2025 ምን ቢል ጥሩ ነው? ክፍለ ግዛቱ ለተማሪዎቼ የሚሰጠው የገንዘብ ድጎማ ይቅርብኝ፣ እኔው ከኪሴ እተካዋለሁ፣ የምሩቅን ልጅ መቁጠሬን ግን አልተውም አለ። ዘመድ እንዲህ ሲወደድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ እንኳ አገር ቤት በዘመድ ስንቀጥር ቢያንስ እንደብቀው ነበር።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ማለት የእኛ ሰፈር ማለት ነው። ስለዚህ ሕጉ ሲወጣ «በቃ፣ ተገላገልን» ያሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ያን ያህል አልጨፈርኩም። ሕጉ የሰረዘው ከቅጹ ላይ አንዲት ሳጥን ነው። እራትን የሚሰርዝ ሕግ የለም፤ ይኑርም አልልም፤ ሰው ቤቱ ማንን ይጋብዝ ብሎ መንግሥት ከገባበትማ ሌላ ጣጣ ነው። ነገር ግን የፊተኛው በር ሲጠብ የጓዳው በር ዋጋው ይንራል። ሳጥኗ ላይ ምልክት ማድረግ የተከለከለው ልጅ የአባቱን ጓደኛ እራት ላይ ያገኘዋል። ሪክ ሲንገር የተባለው ሰው፣ በ2019 ያ ትልቅ የኮሌጅ መግቢያ ጉቦ ሲጋለጥ የተያዘው፣ የሚሸጠውን ነገር «የጎን በር» ይለው ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ዶሮ ወጥ ጋብዞ የተፈረደበት ግን የለም።

«ታዲያ ሰው ለሰው መድኃኒቱ አይደለም እንዴ? ትውውቅን ልትኮንን ነው?» ይሉኛል። አልኮንንም። የምለው የገዛ መድኃኒታቸውን እንኳ በወጉ አልያዙትም ነው። የኔትወርኪንግ አሠልጣኞች እንደ ዳዊት የሚደግሙት አንድ ጥናት አለ፤ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ያሳተመው። ቦስተን አጠገብ ኒውተን በምትባል ከተማ ሥራ የቀየሩ ሰዎችን ጠየቀ። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል፣ አዘውትረው በሚያገኙት ሰው በኩል ያገኙት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ሆኑ። የቀረው አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ በሚያየው ሰው በኩል ነው ያገኘው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ። አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቅ ነው። ቼቲና ባልደረቦቹም በ2022 የፌስቡክን 21 ቢሊዮን ጓደኝነት መርምረው ያገኙት ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ከመረመሯቸው የማኅበራዊ ትስስር ዓይነቶች ሁሉ፣ የአንድ አካባቢ ድሃ ልጅ አድጎ ከድህነት መውጣቱን በጥብቅ የሚያመለክተው የድሃውና የሀብታሙ ወዳጅነት ሆኖ ተገኘ። ድሃ ከድሃ መዋደዱ አይደለም። ሀብታም ከሀብታም መጋባበዙማ ምን ይጨምራል?

እንግዲያውስ ምሩቅ የምሩቅን ልጅ የሚያበላበት እራት ብክነት ነው፤ በራሳቸው ሳይንስ።

አሁን ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው፤ ከዚህ አገር ኮሌጅ ከወጣችሁት የአገሬ ልጆች። ሃርቫርድና ስታንፎርድ የኔን ጽሑፍ አያነቡም፤ እናንተ ግን ታነባላችሁ። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ በሩን ያለ ሰው ነው ያንኳኳችሁት። ሌሊት ታክሲ እየነዳችሁ ቀን ክፍል የገባችሁ አላችሁ። ዛሬ ሐኪም ናችሁ፣ መሐንዲስ ናችሁ፣ የዓለም ባንክ ሕንፃ ውስጥ የምትሠሩም አላችሁ። ኮሌጁም ስም ዝርዝር ይልክላችኋል፣ ለቃለ መጠይቅ ይመርጣችኋል፣ «ተማሪ ጋብዙልን» ይላችኋል። ማንን ጠራችሁ? የራሳችሁን ልጅ፣ የጓደኛችሁን ልጅ፣ የባልደረባችሁን ልጅ። ከዚያ ቡና ሲጠጣ «የኛ ሕዝብ እኮ አይደጋገፍም» ትላላችሁ።

«ለልጄ ያላደላሁ ለማን ላድላ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አድላ። ቁርስህ አለ፣ መኪናህ አለ፣ የበጋ ዕረፍትህ አለ፤ የምታውቀውን ሁሉ ለልጅህ የምትነግርበት 17 ዓመት ነበረህ። ያ ጠረጴዛ ግን በኮሌጁ ስም የተቀመጠ ነው። ወንበሩ ያንተ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ክፍት የሥራ መደቡን ለእህቱ ልጅ ሲሰጥ የምትለውን ቃል ታውቀዋለህ፤ እዚህም ቃሉ ያው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በምሩቅነታችሁ በምታደርጉት እራት ላይ ዘመዳችሁም የዘመዳችሁም ወዳጅ ልጅ አይቀመጥ። አምስት ወንበር ካለ አምስቱም አባታቸውን ለማታውቁት ልጆች። ይህ ተረት አይደለም። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን፣ የማይተዋወቁ 12 ሰዎችን በአንድ ማዕድ የሚያስቀምጥ የእራት ልማድ ከ1968 ጀምሮ አላቸው፤ እርግጥ እነርሱ የሚጋብዙት የራሳቸውን ኮሌጅ ተማሪ ነው። ፈረንጅ ከባዕድ ጋር መብላት ከቻለ እኛ እንግዳ ተቀባዮች ነን እያልን የምንፎክረው ምን ነካን?

ልጆቹን የት እናገኛለን አትበሉኝ። መኪናችሁን ማን ነው የሚያቆምላችሁ? ቅዳሜ እንጀራ የምትገዙበት ሱቅ ሒሳብ የምትቀበለው ሴት ልጆቿ ስንተኛ ክፍል ደረሱ? እድራችሁ ውስጥ ስም ሲጠራ «አቤት» ብለው የሚቀመጡት እነዚያ ዝምተኛ ሰው ማን ናቸው? ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አለው፣ መስጊዱም አዳራሽ አለው። ጠይቁ። ስድስት ዓመት አትጠብቁ።

ጊዜውም ኖቬምበር አይሁን። ልጆቹ 12ኛ ክፍል ሳይገቡ፣ 11ኛ ክፍል እያሉ፣ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ይጠሩ፤ ገና ምንም በር አልተዘጋም። ቀኖቹን በወረቀት ጽፋችሁ ሳህኑ አጠገብ አስቀምጡ፤ መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ ምግብ፣ ምክር ከተረፈ በመጨረሻ። ወላጆችም ይምጡ፤ የገንዘብ እርዳታውን ቅጽ የሚሞሉት እነርሱ ናቸው። ልጅቷ «ጋሼ» ካለች «በስሜ ጥሪኝ» ብላችሁ አታስጨንቋት፤ እንደለመደችው ትጥራችሁ፣ ብቻ ጠይቃ ትሂድ። እጅ ላስታጥብ ካለችም ታስታጥብ፤ ከዚያ ግን ወደ ጓዳ ሳይሆን ወደ ወንበሯ።

ይህንን ለሐኪሙ ወዳጄ ነግሬው ነበር። ብዙም አልተከራከረኝም። «የሚስቴን እህት ግን ምን ልበላት?» አለኝ። ቁርስ ጋብዛት አልኩት። ትንሽ ዝም አለና ለሚቀጥለው ዓመት አዳራሹን ለመጠየቅ ቀጠሮ ያዘ። ወሩ ዓብይ ጾም ሊሆን ስለሚችል ዶሮና ላዛኛ የለም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ለልጆቹ የጾም ፓስታ። ረመዳን ከገጠመ ሙስሊሞቹ ልጆች በማፍጠሪያ ሰዓት ይጠራሉ፤ ቴምርና ሳምቡሳ ይጨመራል። የወጪው ነገር አሳስቦት ነበርና ሒሳቡን አብረን ሠራነው፤ ካለፈው እራት በግማሽ ይቀንሳል።